ወንድ ያልተገኘበት ጠርሙስ፦ የኸርማን ሙለር ሕይወት

 

የዛሬው ባለታሪካችን ኸርማን ጆሴፍ ሙለር ይባላል። ባዮሎጂ የምትማሩ ስሙን ሳትሰሙት አልቀራችሁም። ራጅ የዘር ለውጥ እንደሚያመጣ በማረጋገጡ የኖቤል ሽልማት አገኘ ይባልና መምህሩ ወደሚቀጥለው ስላይድ ያልፋል። የሌላ ክፍል ተማሪዎች ስሙን ባትሰሙም ሥራው ግን ይነካችኋል። ራጅ የሚያነሳው ባለሙያ ከግድግዳ ጀርባ የሚከለለው፣ ሴቶች ከመነሳታቸው በፊት ነፍሰ ጡር መሆን አለመሆናቸው የሚጠየቀው፣ አዲስ መድኃኒት ወደ ሰው ከመድረሱ በፊት በባክቴሪያ ላይ የሚሞከረው፣ በእነዚህ ሁሉ የዚህ ሰው እጅ አለበት።

ሙለር ዕድሜውን የፈጀበት ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ቢላ ሲቆርጠን ደም ይፈሳል፣ እሳት ሲያቃጥለን ቆዳ ይላጣል፤ ጉዳቱን እናየዋለን። ባለቤቱ ምንም ሳይሰማው በዘሩ ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ በልጁ ወይም በልጅ ልጁ ላይ የሚወጣን ጉዳት ግን ማን ያየዋል? በምንስ ይለካል? (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የኢትዮጵያ ሲሆን እንገልጻለን።)

የብረት ሠሪው ልጅ

ሙለር በታኅሣሥ 21 ቀን 1890 በኒውዮርክ ከተማ ተወለደ። አባቱ ከነሐስና ከሌሎች ብረታ ብረቶች የጥበብ ዕቃ የሚሠራ ድርጅት ነበረው። ልጁ ገና ዘጠኝ ዓመቱ ሳለ አባት ሞተ፤ ቤተሰቡም በጥቂት ገቢ መኖር ጀመረ። ሙለር በ16 ዓመቱ በነፃ የትምህርት ዕድል ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ገባ። እየተማረ ለእንጀራው ይሠራ ነበር።

በዚያን ጊዜ በኮሎምቢያ አንድ ጠባብ ክፍል ነበር፤ በሳይንስ ታሪክ የዝንቦቹ ክፍል እየተባለ ይጠራል። ቶማስ ኸንት ሞርጋን የተባለው ሊቅ ከተማሪዎቹ ጋር ሆኖ በወተት ጠርሙስ ውስጥ በሙዝ እየመገበ ዝንብ ያረባ ነበር። ዝንቧ በቤታችን በበሰለ ሙዝና ብርቱካን ላይ የምትሰፍረው ትንሿ የፍራፍሬ ዝንብ ናት። ለምን እሷ ተመረጠች ቢሉ፣ ከዕንቁላል እስከ ሙሉ ዝንብ ለመድረስ አሥር ቀን ገደማ ይበቃታል፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ትወልዳለች፤ ክሮሞዞሟም አራት ጥንድ ብቻ ነው። በሰው ላይ መቶ ዓመት የሚፈጅ የትውልድ ታሪክ በእሷ ላይ በጥቂት ወራት ይታያል።

ሙለር በዚህ ክፍል ሠርቶ በ1916 የዶክትሬት ዲግሪውን ያዘ። በቴክሳስ ግዛት ሂውስተን ከተማ በሚገኘው ራይስ ተቋም ካስተማረ በኋላ ለአጭር ጊዜ ወደ ኮሎምቢያ ተመለሰ፤ በ1920 ደግሞ ኦስቲን ወደሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። ታላቁ ሥራው የተሠራው እዚያ ነው።

ጠርሙሱ

ዘር አልፎ አልፎ በራሱ እንደሚለወጥ ይታወቅ ነበር። ነጭ ዓይን ያላት ዝንብ በድንገት ትገኛለች፣ ክንፏ የተጨማደደ ትወለዳለች። ይህን ሚውቴሽን ይሉታል። ችግሩ እጅግ ብርቅ መሆኑ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ዝንቦችን አንድ በአንድ በማጉያ መነጽር እያዩ አንዲት የተለየች መፈለግ ነበረባቸው። ያም ሆኖ ውጤቱ በተመልካቹ ዓይን ላይ የተንጠለጠለ ነበር፤ አንዱ ያየውን ሌላው ያልፈዋል፣ የደከመ ዓይን ይስታል፣ ለማግኘት የጓጓ ደግሞ የሌለውን ያያል።

ሙለር ከሌሎች የተለየው እዚህ ላይ ነው። ከሚታዩት ለውጦች ይልቅ የማይታዩት እጅግ እንደሚበዙ ገባው። ደግሞም በዘር ላይ በዘፈቀደ የሚደርስ ለውጥ እንደ ተመታ ሰዓት ነው፤ ሰዓት በመዶሻ ተመትቶ የተሻለ አይሠራም። ስለዚህ ብዙው ለውጥ ጎጂ ነው፤ ከጎጂው መካከልም ገዳይ የሆነ አለ። የሞተ ዝንብ ግን አይወለድም፣ ስለዚህም አይታይም። ሙለር ያልተወለደውን መቁጠሪያ መንገድ መፈለግ ጀመረ።

ነገሩን ቀስ ብለን እንየው። ሴት ዝንብ ልክ እንደ ሰው ሁለት ኤክስ ክሮሞዞም አላት። ወንዱ አንድ ብቻ አለው፤ እሱንም የሚወርሰው ከእናቱ ነው። በአንዱ ኤክስ ላይ ገዳይ ጉድለት ቢኖር ሴቷን ሌላኛው ጤነኛ ኤክስ ይሸፍናታል፤ ጤነኛ መስላ ትኖራለች። ወንዱ ግን ሽፋን የለውም። ጉድለት ያለበትን ኤክስ ከወረሰ ሳይወለድ ያልቃል።

ሙለር ከዓመታት ድካም በኋላ ሲ-ኤል-ቢ የተባለ የዝንብ ዘር አዘጋጀ። የዚህ ዘር ሴቶች ከሁለቱ ኤክሶቻቸው አንዱ ሦስት ምልክት አለው። አንደኛው ምልክት ሁለቱ ኤክሶች ቁራጭ እንዳይለዋወጡ ያግዳል። ሁለተኛው ገዳይ ጉድለት ነው። ሦስተኛው ዓይንን ጠባብ ያደርጋል፤ ይህም ምልክት የተደረገበትን ክሮሞዞም የያዘችውን ሴት በዓይኗ ብቻ ለመለየት ነው።

አሁን ፈተናውን እንከተለው። መጀመሪያ ወንድ ዝንቦች በራጅ ይመታሉ። ከዚያ ከእነዚህ ምልክት ካላቸው ሴቶች ጋር ይዳቀላሉ። ከሚወለዱት ሴት ልጆች ዓይነ ጠባቦቹ ተመርጠው እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ጠርሙስ ይገባሉ። እያንዳንዷ ከእናቷ ምልክት ያለበትን ኤክስ፣ ከአባቷ ደግሞ ራጅ የነካውን ኤክስ ይዛለች። እነዚህ ሴቶች ሲወልዱ ከወንዶች ልጆቻቸው ግማሾቹ የአያትየዋን ምልክት ያለበት ኤክስ ይወርሳሉ፤ እነሱ በገዳዩ ጉድለት ምክንያት ይሞታሉ። የቀሩት ግማሾች ደግሞ ራጅ የነካውን የአያታቸውን ኤክስ ይወርሳሉ። ያ ኤክስ ደኅና ከሆነ ይወለዳሉ። ራጁ በላዩ ገዳይ ጉድለት ጥሎበት ከሆነ ግን እነሱም ይሞታሉ፤ በጠርሙሱ ውስጥ አንድም ወንድ አይገኝም።

ከእንግዲህ ሺህ ዝንቦችን አንድ በአንድ ማየት የለም። ጠርሙሱን አንስቶ በብርሃን ማየት ነው፤ ወንድ አለ ወይስ የለም? የተመልካቹ ምኞት ውጤቱን የሚያዛባበት ቦታ የለም። በአያት ላይ የደረሰ፣ አያት ያልተሰማው፣ እናት ተሸክማው የኖረችው፣ ማንም ያላየው ጉዳት በልጅ ልጅ መጥፋት ተገለጠ። ሙለር የሌለውን ነገር አስመስክሯል ማለት ይቻላል።

1927

ሙለር በ1926 መጨረሻ ወንድ ዝንቦችን በራጅ መምታት ጀመረ። ራጅ ከተገኘ 31 ዓመት ሆኖት ነበር። ሌሎችም ከእሱ በፊት ራጅ ዘርን ይለውጥ እንደሆን ሞክረው ነበር፤ ግን በምን ይለኩታል? ሙለር መለኪያውን አስቀድሞ ሠርቷል። ውጤቱ እሱ ከጠበቀው በላይ ሆነ። ከፍተኛ መጠን ባገኙት ዝንቦች ላይ የሚውቴሽን ብዛት በተፈጥሮ ከሚታየው 150 እጥፍ ገደማ ደረሰ። በጥቂት ወራት ውስጥ እሱ ብቻውን እጅግ ብዙ ለውጥ አገኘ።

ግኝቱን በሐምሌ 1927 ሳይንስ በተባለው መጽሔት አወጣ፤ በዚያው ዓመት መስከረም በበርሊን በተካሄደው ዓለም አቀፍ የዘረመል ጉባኤ ላይ ቁጥሮቹን አቀረበ። ወሬው በዓለም ጋዜጦች ተሰራጨ። ሰዎች የሰው ልጅ የዘር ቁልፍ እጁ ገባ ብለው ተደነቁ። ሙለር ግን ሌላም ነገር አየ። ሐኪም ቤቶች ራጅን እንደ ሻማ ብርሃን ይጠቀሙበት ነበር፤ ለቆዳ ብጉርና ለጭንቅላት ቆረቆር ሳይቀር። የተመታችው ዝንብ ጤነኛ ትመስላለች፤ ጉዳቱ ያለው በልጅ ልጇ ጠርሙስ ውስጥ ነው። ሰውስ?

ከአገር አገር

የዝና ዓመታት ለሙለር የጭንቅ ዓመታት ነበሩ። ትዳሩ ተናግቷል፣ ከባልደረቦቹ ጋር ይጋጫል፣ ሥራው ከአቅሙ በላይ ሆኗል፣ በሶሻሊስት አመለካከቱም የመንግሥት ሰዎች ይከታተሉት ነበር። በ1932 መጀመሪያ ራሱን ለማጥፋት ሞከረ፤ በሕይወት ተገኘ። ይህን ሳንጠቅሰው ማለፍ ያልፈለግነው ከመካከላችን እንዲህ ያለ ሌሊት የሚያሳልፍ ሊኖር ስለሚችል ነው። ሙለር ከዚያ ቀን በኋላ 35 ዓመት ኖሯል፤ ዓለም የምታውቅለት ማስጠንቀቂያውም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የጨነቀው ሁሉ ለሚያምነው ሰው ይንገር፤ ጓደኛው ዝም ያለበትም ይጠይቅ።

በዚያው ዓመት ወደ በርሊን ሄደ። ብዙ ሳይቆይ ናዚዎች ሥልጣን ያዙ። በ1933 ኒኮላይ ቫቪሎቭ ጋብዞት ወደ ሌኒንግራድ፣ ቀጥሎም ወደ ሞስኮ ተሻገረ። ቫቪሎቭን እኛ ኢትዮጵያውያን ልናውቀው ይገባል፤ በ1927 አገራችንን ዞሮ የስንዴና የገብስ ዘሮቻችንን ሰብስቧል፤ ምድራችን የብዙ አዝርዕት መነሻ መሆኗንም ለዓለም ያስረዳ ሰው ነው።

ሙለር ሶቪየትን የፍትሕ አገር ትሆናለች ብሎ ነበር የሄደው። ያገኘው ሌላ ነው። ትሮፊም ሊሴንኮ የተባለ የግብርና ሰው የዘረመል ሳይንስ ውሸት ነው እያለ ይሰብክ ነበር፤ የስታሊን መንግሥትም ከጎኑ ቆመ። በቴክሳስ ከሙለር ጋር የሠሩ ሁለት ሩሲያውያን ተመራማሪዎች ታስረው ተገደሉ። በታኅሣሥ 1936 በተደረገው የአደባባይ ክርክር ሙለር ተነስቶ ሊሴንኮን ፊት ለፊት ተቃወመ። ከዚያ በኋላ በአገሩ መቆየት አልተቻለም። በ1937 ወጥቶ በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ማድሪድ ውስጥ ለቁስለኞች ደም ከሚያቀርበው የካናዳውያን ቡድን ጋር ለአጭር ጊዜ ሠራ። ቫቪሎቭ ግን ቀረ፤ በ1940 ታሰረ፤ በ1943 እስር ቤት ውስጥ ሞተ። ለዓለም ረሃብ መድኃኒት የሰበሰበው ሰው የሞተው ተርቦ ነው።

የሰናፍጭ ጋዝ

ሙለር ከስፔን ወደ ስኮትላንድ ሄዶ በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ዘረመል ተቋም ውስጥ ገባ። እዚያ ሻርሎት አወርባክን አገኘ። አወርባክ ጀርመናዊት አይሁዳዊት ናት። ናዚዎች በ1933 ከመምህርነቷ ስላባረሯት ተሰድዳ የመጣች ናት። ዘረመል እንዴት ሥራውን እንደሚሠራ ማወቅ ትፈልግ ነበር። ሙለርም አንድን ዘረመል ለማወቅ ሲበላሽ የሚሆነውን ማየት እንደሚጠቅም አስረዳት። አወርባክ ምክሩን ይዛ ቀረች፤ ሙለር በ1940 ወደ አሜሪካ ተመለሰ።

ጦርነቱ ተጀምሯል። የሰናፍጭ ጋዝ የሚያመጣው ቁስል ቶሎ የማይድንና የራጅ ቃጠሎን የሚመስል መሆኑን የመድኃኒት ሊቃውንት አስተውለው ነበር። ታዲያ እንደ ራጅ ዘርንም ይጎዳ ይሆን? አወርባክና ባልደረባዋ ጆን ሮብሰን ዝንቦችን ለጋዙ እያጋለጡ በሙለር ጠርሙስ ፈተኑ። ሥራው እጇን አቃጥሏታል። መልሱ ግን ግልጽ ነበር፤ ወንድ የሌለባቸው ጠርሙሶች በዙ። ነገሩ የጦር ምስጢር ስለነበር ሙሉው ዜና የወጣው በ1946 ነው። በዚያው ዓመት በሶቪየት ኢዮሲፍ ራፖፖርት ፎርማልዴሃይድ ተመሳሳይ ጉዳት እንደሚያደርስ አሳወቀ። የሕክምና ተማሪዎች በአናቶሚ ክፍል ዓይናችሁን የሚያቃጥላችሁ ፎርማሊን ከዚሁ ነው የሚሠራው። ዘርን የሚለውጡ ነገሮች፣ ማለትም ሚውታጅኖች፣ ጨረር ብቻ እንዳልሆኑ፣ በብልቃጥ የሚቀመጥ ኬሚካልም እንዲሁ ሊሆን እንደሚችል ታወቀ።

ይህን ስናነብ ልባችን ወደ አገራችን መሄዱ አይቀርም። አወርባክ በዝንብ ላይ የሞከረችው ጋዝ የፋሺስት ጣሊያን አውሮፕላኖች በ1928 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር በአርበኞቻችንና በገበሬው ላይ ያዘነቡት መርዝ ነው። ያኔ የታየው የቆዳው መላጥ፣ የዓይኑ መጥፋት፣ የወንዙ መመረዝ ነበር። ከቆዳው በታች፣ በሕዋሱ ውስጥ ምን እንደሚሠራ የታወቀው በኤዲንብራ፣ በጠርሙስ ውስጥ ነው። በሕይወት ከተረፉት መካከል ስንቱ ምን ተሸክሞ እንደቀረ ግን ማንም ጠርሙስ አንስቶ አላየላቸውም።

ኖቤልና ማስጠንቀቂያው

ሙለር በ1945 በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ቋሚ ቦታ አገኘ። በ1946 ስለ ራጅ ሥራው የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። በሂሮሺማና በናጋሳኪ ላይ የአቶም ቦምብ ከወደቀ ገና አንድ ዓመቱ ነበር፤ ስለ ጨረር የሚናገር ሰው ሁሉ የሚሰማበት ጊዜ ነው። ሙለር መድረኩን ለራሱ ክብር ብቻ አላዋለውም። ጨረር የሚጠቀም ሁሉ ጥንቃቄ እንዲያደርግ፣ ሐኪሞችም የታካሚውን የመራቢያ አካል እንዲከልሉ አሳሰበ።

የተቀበሉት ሁሉ በደስታ አልነበረም። በዚያን ዘመን በአሜሪካ የጫማ መደብሮች ሳይቀሩ የልጆችን እግር ለመለካት የራጅ ማሽን ነበራቸው። ብዙ ሐኪሞች ደግሞ የዝንብ ሊቅ ሕክምናን ሊያስተምረን ነው ወይ ብለው ተቆጡ። ሙለር ለዓመታት ያንኑ ደጋገመ። በ1955 በጄኔቫ የተባበሩት መንግሥታት ስለ ሰላማዊ የአቶም አጠቃቀም ጉባኤ ሲያዘጋጅ የአሜሪካ የአቶም ኃይል ኮሚሽን የሙለር ጽሑፍ እንዳይቀርብ አደረገ፤ ነገሩ በጋዜጣ ወጥቶ መነጋገሪያ ሆነ። በዚያው ዓመት በርትራንድ ራስልና አልበርት አይንስታይን የኒውክሌር ጦርነትን በመቃወም ባወጡት መግለጫ ላይ ከፈረሙት ሊቃውንት አንዱ ሙለር ነው።

እጅግ አነስተኛ በሆነ የጨረር መጠን ላይ ጉዳቱ ምን ያህል ነው የሚለው ክርክር ዛሬም አልበረደም። ሙለር ጉዳት የሌለበት መጠን የለም ብሎ ይከራከር ነበር፤ ይህን የማይቀበሉ ሳይንቲስቶች አሉ። ያለ በቂ ምክንያት ማንም ሰው ለጨረር አይጋለጥ የሚለው ግን በዓለም ዙሪያ የሐኪም ቤት ደንብ ሆኗል። በራጅ ክፍል የሚሠሩ ባለሙያዎች ደረታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት ትንሽ መለኪያ ጨረሩን ይቆጥራል፤ የማይሰማንን መቁጠር ያስፈልጋል የሚለው ሐሳብ ፍሬ ነው።

የሳተበት ቦታ

የሰውን ሕይወት ስንጽፍ መልካሙን ብቻ መርጠን ብናቀርብ አንባቢን ማታለል ይሆናል። ሙለር የተመረጡ ወንዶችን ዘር አስቀምጦ በፈቃደኝነት በማከፋፈል የሰውን ልጅ ማሻሻል ይቻላል ብሎ ያምን ነበር። በ1935 በዚህ ላይ መጽሐፍ አወጣ፤ በ1936 ሐሳቡን ለስታሊን ጻፈለት፤ ስታሊን አልተቀበለውም። እውነት ነው፤ በ1932 በአሜሪካ የነበሩትን የዘር አሻሻዮች ድህነትንና የቆዳ ቀለምን የዘር ጉድለት አድርገው በማየታቸው ፊት ለፊት ነቅፏቸዋል፤ ከናዚዎቹም ጋር አንድ አይደለም። ነገር ግን ማን ይወለድ ማን አይወለድ የሚለውን የሚመርጥ ሰው ማን ነው? መራጩንስ ማን መረጠው? ሙለር ለዚህ ጥያቄ በቂ መልስ ሳይሰጥ ሞተ።

ደግሞም ሃይማኖት የሌለው ሰው ነበር፤ እኛና እሱ በብዙ ነገር አንገናኝም። ዒልም ግን ከሚገኝበት ይወሰዳል፤ የተወሰደው ይመዘናል። ሙለር ትክክል የነበረው ጠርሙሱን ይዞ ያልተወለዱት እንዳይጎዱ ሲከራከር ነው። የሳተው ጠርሙሱን ትቶ የሚወለዱትን ለመምረጥ ሲነሳ ነው። ጉዳትን መከላከልና በፍጥረት ላይ ዳኛ መሆን ለየቅል ናቸው፤ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ሁለቱንም ጎን ለጎን ማየታችን ለእኛ ትምህርት ነው።

ከጠርሙስ ወደ ሳህን

ሙለር በሚያዝያ 5 ቀን 1967 በኢንዲያናፖሊስ በ76 ዓመቱ ሞተ። የእሱ ፈተና ሁለት ትውልድ ዝንብ መጠበቅን ይጠይቅ ነበር። ፋብሪካዎች በየዓመቱ አዳዲስ ኬሚካሎችን ሲያወጡ በዝንብ ብቻ ሁሉን መድረስ አይቻልም። በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ በርክሌይ የነበረው ብሩስ ኤምስ ቀላል መንገድ አገኘ። ሂስቲዲን የተባለውን አሚኖ አሲድ ራሱ መሥራት የማይችል የሳልሞኔላ ባክቴሪያ ይወሰዳል። ሂስቲዲን በሌለበት ሳህን ላይ ቢዘሩት አያድግም። አሁን የሚመረመረው ኬሚካል ይጨመራል። ኬሚካሉ ዘር የሚለውጥ ከሆነ ከባክቴሪያዎቹ አንዳንዶቹ በለውጡ ምክንያት የጠፋባቸውን ችሎታ መልሰው ያገኛሉ፤ በሁለት ቀን ውስጥ በሳህኑ ላይ ነጠብጣብ ሆነው ይበቅላሉ። ነጠብጣቡን መቁጠር ነው።

ኤምስ አንድ ብልህ ነገር ጨመረ፤ የአይጥ ጉበት ጭማቂ። ብዙ ኬሚካል ሰውነት ሲገባ እንዳለ አይቀመጥም፤ ጉበት ሊያስወግደው ሲሞክር አንዳንዴ ወደ ባሰ መርዝ ይለውጠዋል። የሞለኪውላር ባዮሎጂ ተማሪዎች ዲ-ኤን-ኤን በጄል ላይ ለማየት የምትጠቀሙበት ኤቲዲየም ብሮማይድ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ በዚህ ፈተና ጉልህ ጉዳት የሚያሳየው የጉበት ጭማቂ ሲጨመርበት ነው። በአሜሪካ የሕፃናት የሌሊት ልብስ እሳት እንዳይዘው ይነከርበት የነበረ ትሪስ የተባለ ኬሚካል በዚህ ሳህን ላይ ዘር የሚለውጥ ሆኖ ተገኘ፤ በ1977 ለሕፃናት ልብስ መዋሉ ተከለከለ።

ዛሬ በሕዋስ ላይም የሚደረጉ ፈተናዎች አሉ። በአንደኛው ሕዋሱ ሲከፈል ከዋናው ኒውክሊየስ ተነጥሎ የቀረ የክሮሞዞም ስባሪ በማይክሮስኮፕ ይፈለጋል። በሌላው ሕዋሱ በጄል ውስጥ ተደርጎ ኤሌክትሪክ ይለቀቅበታል፤ ዲ-ኤን-ኤው ካልተሰበረ ክብ ሆኖ ይቀመጣል፤ ከተሰበረ ስባሪው እንደ ጅራታም ኮከብ ወደ ኋላው ይጎተታል። አንዱ ፈተና የሚስተውን ሌላው ስለሚይዝ አንድ መድኃኒት በአንድ ፈተና ብቻ አያልፍም። መንገዳቸው ይለያይ እንጂ ሁሉም የሙለርን ሐሳብ የተከተሉ ናቸው፤ የማይታየው ጉዳት ራሱን እንዲያሳይ አስቀድሞ ማዘጋጀት።

ለእኛስ?

ላቦራቶሪ የምትገቡ፣ በሐኪም ቤት ልምምድ ላይ ያላችሁ፣ ነገ የፋብሪካ ወይም የእርሻ ኃላፊ የምትሆኑ እህቶችና ወንድሞች! ጓንቱ ሞቃት ነው፣ ጋዋኑ ይከብዳል፣ የጭስ መሳቢያው ሩቅ ነው፣ አንድ ቀን ምን ያመጣል የሚል ሐሳብ ሁላችንንም ይጎበኘናል። እሳት ቢሆን ኖሮ እጃችንን ቶሎ እንሰበስብ ነበር። ይህ ግን አያቃጥልም፤ የተመታችው ዝንብም እየበረረች ትሄድ ነበር።

ጉዳዩ የእኛ ብቻ ቢሆን ምርጫው የየራሳችን በሆነ ነበር። ዘራችን ግን የእኛ ብቻ አይደለም፤ ገና ያልመጡት ድርሻ አለበት። እነሱ ለማመልከት አፍ የላቸውም፣ ስብሰባ ላይ አይገኙም። አማና የሚባለው እንዲህ ያለው ነው፤ ባለቤቱ በሌለበት የሚጠበቅ። የላቦራቶሪ ኃላፊ ስትሆኑ ለጽዳት ሠራተኛዋ ጓንት ሳትሰጡ የኬሚካል ዕቃ አታሳጥቧት። የራጅ ባለሙያ ስትሆኑ በሩን ሳትዘጉ ማሽኑን አትጫኑ፤ ሐኪም ስትሆኑም የማያስፈልግ ራጅ አትዘዙ። ፎርማሊን ያለበት ክፍል መስኮቱ ይከፈት። ያለቀ ኤቲዲየም ብሮማይድ ከውሃ መውረጃ አይደፋ፤ በተለየ ዕቃ ተጠራቅሞ በደንቡ ይወገድ። ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አባቶቻችን።

ከእነዚህ ውስጥ አንዱንም በመፈጸማችሁ የሚያመሰግናችሁ ሰው ላታገኙ ትችላላችሁ። የጠበቃችሁት ሰው ጤነኛ ሆኖ ይወለዳል፣ ያድጋል፣ ትምህርት ቤት ይገባል፤ ምን እንደዳነለት አያውቅም።